የደምሴ መደብ

ዓመቱን በትክክል ንገረን ብትሉኝ አልችልም። ሚኒሶታ ከገባሁ በሦስተኛው ፋሲካ ይሁን በአራተኛው፣ ነገሩ እየተደበላለቀብኝ ነው። ልጄ "አባዬ፣ ናይንቲ ስንት ነበር?" ስትለኝ በሌላ ምልክት ነው የምመልስላት። ጋዝ ገና ከአንድ ዶላር በታች ነበር እላታለሁ፤ ያቺ በሯ ከውስጥ በገመድ የሚታሰረው ቡናማ ሼቭሌዬ ነበረች እላታለሁ፤ አገር ቤት ለመደወል ቁጥሩ በሳንቲም የሚፋቅ ካርድ እንገዛ ነበር እላታለሁ። እሷም ትስቅብኛለች። ዓመቱ ይጥፋብኝ እንጂ የእርሻውን ጭቃ፣ የአጥሩን እንጨት፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ የቆመውን ሽማግሌ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አየዋለሁ።

ይህን የቀሰቀሰብኝ ዘንድሮ አማቼ ይዞት የገባው ሥጋ ነው። አሁን የምኖረው ፕሊማውዝ፣ ልጄ ቤት ነው፤ ምንጣፉ ለስላሳ፣ መንገዱ ሰው የማይታይበት። የቅርጫ ድርሻችን በካርቶን መጣ። በላስቲክ ታሽጎ፣ ላስቲኩ ላይ ስማችን የታተመበት ወረቀት ተለጥፎበታል።

"ዕጣውን ማን ጣለው?" አልኩት።

"የምን ዕጣ ጋሼ? በሚዛን ነው እኮ። ቴክስት አደረጉልን፣ ሄጄ ፒክ አፕ አደረግሁ፤ በቃ።"

"ሻኛውስ?"

"ሁሉም እኩል ነው ጋሼ። የሚጣላ የለም።"

የልጅ ልጄ ከሶፋው ላይ በእንግሊዝኛዋ "ዕጣ ምንድን ነው?" አለችኝ። ላስረዳት ጀመርኩ። በሬ በማኅበር ይገዛል፣ ይታረዳል፣ በሰዉ ልክ በመደብ በመደብ ይከመራል፣ ከዚያ ማንም መርጦ እንዳይወስድ ዕጣ ይጣላል አልኳት። ልጅቷ ወደ ስልኳ ተመለሰች፤ እኔ ደግሞ ወደ ኋላዬ ሄድኩ።

ያን ጊዜ የምኖረው ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን ውስጥ ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ላይኛው ክፍል። ክረምት ሲገባ በመስኮቱ ላይ ላስቲክ እንወጥራለን፤ ነፋስ ሲመታው እንደ ከበሮ ይላል። ካፖርቴን የገዛሁት ካገለገለ ልብስ መሸጫ ነበር። ኪሱ ውስጥ የማላውቀው ሰው መሐረብ አግኝቼ፣ አጥቤ እኔው ያዝኩት። አሥራ ስድስት ቁጥር አውቶብስ በአቬኑው ላይ ያልፋል። ማዕዘኑ ላይ የቬትናሞች ሱቅ አለ፣ ዓሣና የማላውቀው ቅጠል ይሸታል፤ ቀጥሎ ከላኦስ የተሰደዱት የሞንጎች ልብስ ሰፊ፤ ቀጥሎ ደግሞ የእኛው ሰው ሱቅ፣ በርበሬ በማዮኔዝ ብልቃጥ የሚሸጥባት። ባለሱቁ አንድ የክራር ካሴት ነበረው፤ ክሩ እስኪላላና ዘፋኙ የታመመ እስኪመስል ድረስ ክረምቱን ሙሉ እሱኑ ያጫውታል። አንድ ቀን ካሴቱ ተበጥሶ ሱቁ ጸጥ ሲል ሁላችንም ግራ ገባን። ዛሬም በሕልሜ እርሳስ አስገብቼ ካሴት ሳጠነጥን ያ የታመመ ዘፈን ይመጣብኛል።

እማማ ዘነቡን ያገኘኋት እዚያች ሱቅ ውስጥ ነው። ልጇ አበራሽ ናት ያመጣቻት፤ አበራሽ መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር። እማማ ዘነቡ ነጠላዋን ከወፍራም ጃኬቷ በላይ ደርባ፣ በረዶ ጫማ አድርጋ፣ ምርኩዟን ይዛ ቀስ ብላ መጣችና ፊቴን አየችው።

"በሱማሌ ጦርነት የተማረክ ነህ አሉኝ።"

"አዎ እማማ። በየነ እባላለሁ።"

"ደምሴን ታውቀዋለህ? ደምሴ፣ ረዘም ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚይዝ?"

አውቀዋለሁ። እንዴት አላውቀውም! ከአንድ ጉድጓድ ተማርከን፣ በአንድ ካቴና ታስረን፣ ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ምንጣፍ ላይ ተኝተናል። የቀበርነውም በእጃችን ነው። አፌን ስከፍት ግን ከኋላዋ የቆመችው አበራሽ ዓይኗን አፍጥጣ ራሷን ወዘወዘችብኝ። እኔም "እማማ፣ እዚያ ብዙ ካምፕ ነበር" አልኩ። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም።

በኋላ አበራሽ ደጅ ላይ ያዘችኝ። የወንድሟን ሞት እሷ ከተመላሾች ሰምታለች፤ እናቷ ግን መርዶው አልተነገራትም። መጀመሪያ "ቪዛዋ ይውጣ" ተባለ። ከዚያ "የደም ግፊቷ ይውረድ"። ከዚያ "የዓይኗ ኦፕሬሽን ይለፍ"። እኛ አገር መርዶ እንደዚህ ነው፤ ሁልጊዜ የሚጠበቅለት ደህና ቀን አለው፤ ያ ደህና ቀን ደግሞ አይመጣም። እንግዲህ ያየሁት እኔ፣ የምትጠብቀው እሷ ሆነን እዚያው ሰፈር መኖር ጀመርን። ስታገኘኝ "ልጄ፣ የምታውቀው ሰው ተገኘ?" ትለኛለች። "እጠይቃለሁ እማማ" እላለሁ። መንገድ ቀይሬ የሄድኩበት ቀን ብዙ ነው።

ሥራዬ ፍሪድሊ ከተማ ነበር፤ ትንንሽ የብረት ዕቃ በሙቅ ውሃ አጥበን፣ አድርቀን በካርቶን የምናሽግበት ቤት። እጃችን ሁልጊዜ የሞቀ ብረትና የሳሙና ሽታ አለው። አብሮኝ የሚሠራው ሰባ ዓመት ያለፈው ፈረንጅ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ "ፖፕ" ይለዋል፣ እንደ አባባ ማለት ነው። ጡረታ ወጥቶ፣ ሚስቱ ስትሞትበት "ቤት ብቀመጥ ግድግዳው ያናግረኛል" ብሎ በግማሽ ቀን የተመለሰ ነው። ቀይ ካሬ ያለበት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ አለው፤ በጋ ካልሆነ አያወልቀውም። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ወሬ አይወድም፤ እኔም እንግሊዝኛዬ አጭር ስለሆነች ተስማማን። እኔን "ቤን" ነበር የሚለኝ። ለምሳ ስንቀመጥ ሳንድዊቹን በቢላ እኩል ለሁለት ይከፍላል፣ ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ፓርኪንጉን እያየ "ምረጥ" ይለኛል። የፈረንጅ ትሕትና ነው ብዬ አንዱን እወስዳለሁ። ያን ያህል ጊዜ አብሬው በልቼ አንድም ቀን አልነቃሁም።

ያን ፋሲካ ቅርጫ ልንገባ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ እርሻ በሬ ገዛን። አዘጋጁ ተክሌ ነው። ተክሌ ኤርትራዊ ነው፣ አሥመራ በአማርኛ የተማረ፤ ትግርኛው ሲናደድና ሥጋ ሲቆርጥ ብቻ ነው የሚመጣበት። "ሥጋውን በአንተ በገመድ በታሰረች መኪና ልንጭን ነው? ፒካፕ ያለው ፈረንጅ አምጣ!" አለኝ። ፖፕን ለመንኩት፤ "እሺ" ብሎ በቀጠሮው ሰዓት መጣ። እኛ ገና ቢላ እንፈልጋለን፤ እሱ ፒካፑ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀን።

በረዶው ቀልጦ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። በሬው ታርዶ፣ ብልት ብልቱ ወጥቶ፣ በላስቲክ ላይ መደቡ ተደረደረ። ተክሌ ቢላውን ይዞ እንደ ጄኔራል ይዞራል። "ጉበት የደበቀ እጁን እቆርጠዋለሁ! ኋላ አልተነገረኝም እንዳትሉ!"

"አንተ ራስህ ኪስህን አሳየን!" አለ አንዱ።

"ዓምና በየነ ሲጥል ሻኛው ሁሉ ለበየነ ወጣ" አለ ሌላው።

"ኧረ አጥንት ነው የደረሰኝ!" አልኩ።

"አጥንትማ ለጥርስህ ስፖርት ነው። ስሙኝማ፣ ዘንድሮ ፈረንጁ ይጣል! አያውቀን፣ አያዳላ" አለ ተክሌ።

ሰዉ እየሳቀ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ቁልፍ ማንጠልጠያ እየለቀመ በኮፍያ ሊሰጠው ሲል፣ ፖፕ መደቦቹን አየ፣ እኛን አየ። ኮፍያውን አልተቀበለም። "እንደዚህ አይደለም" አለኝ ቀስ ብሎ። "ስማችሁን ንገሩኝ።" ነገርነው። እያንዳንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ አላመጠው፤ "ቴክሊ" ሲል ተክሌ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያን ጊዜ አብራን የመጣችው እማማ ዘነቡ ከታጣፊ ወንበሯ ላይ ሆና፣ "ደምሴንም ንገረው" አለች። በየዓመቱ በእሱ ስም አንድ መደብ ትገባለች፤ ሲመጣ የሚበላው። ሰዉ ሁሉ ጫማውን አየ። "ደምሴ" አልኩት ለፖፕ። "ዴሚሴ" አለ።

ከዚያ ሄዶ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። "አንተ ጠቁም፤ እኔ እጠራለሁ" አለ።

የሳንድዊቹ ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኛ በምርኮ ቤት ያ ጨው የሌለው ማካሮኒ በቆርቆሮ ሲመጣ የምንካፈለው እንደዚሁ ነበር። በክዳን በክዳን ይደለደላል፣ አንድ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ሌላው ይጠቁማል። "ይሄ ለማን?" "ለበየነ!" "ይሄስ?" "ለደምሴ!" ማንም እንዳያዳላ፣ ማንም በሌላው ላይ ቂም እንዳይዝ። ግድግዳውን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ደምሴ ነበር፤ ስለምናምነው። ይሄን ጨዋታ ብሎ የሚማረው ሰው የለም። የሚማሩት አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ተክሌ በቢላው እየጠቆመ "ዚስ ዋን?" ይላል። ፖፕ "ቴክሊ!" ሳቅ። "ዚስ ዋን?" "ቤን!" አነሳሁ። እንደዚያ እየተባለ ሄደ። "ዚስ ዋን?" "ዴሚሴ!" ማንም አላነሳም። ጸጥ ሲል ፖፕ ጀርባውን እንደሰጠ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ያን ጸጥታ ያወቀው መሰለኝ። እማማ ዘነቡ ምርኩዟን ተክላ ተነሳች፤ በጭቃው ላይ አንድ አንድ እያለች ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ የልጇን ሥጋ በላስቲክ ሰበሰበች። ፖፕ ያን ጊዜ ዞረ። ሥጋውን ይዛ የምትመለሰውን እናት አየ።

ስንመለስ ከእሱ ጋር ፒካፑ ውስጥ ነበርኩ። ሃይዌዩ ላይ ወጣን። ኋላ "የት ታስረው ነበር?" አልኩት።

"ጃፓን" አለ። "አንተስ?"

"ሱማሌ።"

ራሱን ነቀነቀ፤ የመንደሩን ስም የነገርኩት ያህል ነበር።

ከዚያ የነገረኝን በእኔ እንግሊዝኛ የገባኝን ያህል ልጻፈው። ልጅ ሳለ ነው የተማረከው፣ በአንድ የሩቅ ደሴት ላይ። በመርከብ ሆድ ውስጥ እንደ ከሰል ተጭነው ጃፓን ወሰዷቸው፤ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ቀሩ። ያደረሷቸው ተራራ ሥር ወዳለ መዳብ ማቅለጫ ነው። ፋብሪካው የጦር ሠራዊት አይደለም፣ የነጋዴ ነው፤ የሰው እጅ ስላጠረው ምርኮኛ ያሠራል። እሱ ድንጋዩን በጋሪ እየገፋ ወደ ምድጃው አፍ ያቀርብ ነበር። ከፊቱ እሳት፣ ከኋላው በረዶ። "ሚኒሶታ በረዶ አለ የሚሉ ያንን አላዩም" አለኝ። ካልሲ የለም፤ እግራቸውን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይጠቀልላሉ። ጣቶቹ የማይታጠፉት ከዚያ ጋሪ ነው። ሁሉም ክፉ አልነበሩም፤ አንድ እጁ የቀረ ሽማግሌ ፎርማን አንዳንድ ቀን አመድ ውስጥ ድንች ቀብሮ፣ እንዳልቀበረ ሆኖ ያልፋል። ራታቸው በባልዲ የሚመጣ ሩዝና ገብስ ነው፤ አንዱ ግድግዳውን ያያል፣ ስም ይጠራል።

ሮይ የሚባል የዊስኮንሲን ልጅ ጓደኛው ነበር። ሮይ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ስለ ዓሣ ነው፤ የትኛው ሐይቅ፣ የትኛው ትል፣ ስንት ሰዓት። የምድጃው ጭስ ሳንባውን በላውና ሞተ። "ከጋሪው ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ" አለ ፖፕ። "ራት ሲመጣ ግድግዳ የሚያየው ሰው በልማድ 'ሮይ' ብሎ ጠራ። ሳህኑ እዚያው ቀረ። ኋላ ሰዎቹ ለጓደኛው ስጡት አሉ። በላሁት ቤን። የተራበ ሰው ይበላል። ስንት የታንክስጊቪንግ በዓል ምግብ በልቻለሁ፤ ጣዕሙ አፌ ላይ የቀረው ግን ያ ነው።"

እኔ የመንገዱን ነጭ መስመር ብቻ አየሁ። 

"እናቱስ?" አልኩት።

"ከመንግሥት ወረቀት መጥቶላታል። 'ወረቀት ልጄን አላየውም፤ ያየው ሰው ይምጣ' አለች። ያየሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሆስፒታል ነበርኩ፤ ከዚያ ጠጪ ሆንኩ፤ ከዚያ አገባሁ። በየጸደዩ እነዳለሁ እላለሁ፤ መንገዱ ግማሽ ቀን አይሞላም። በመጨረሻ ስሄድ በሩን እህቱ ከፈተች። እናትየው ያለፈው መከር ተቀብራለች። ቤን፣ እሷ በየዓመቱ የሮይን የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ታወጣለት ነበር። እስከሞተችበት ዓመት ድረስ።"

ብዙ ሄድን። ከዚያ "የዴሚሴ ሥጋ የማን ነው?" አለኝ። ነገርኩት። "ታውቃለች?" አታውቅም። "ማን ነው ያየው?" እኔ ነኝ። መሪውን በማይታጠፉት ጣቶቹ መታ መታ አደረገና፣ "እንግዲያው አሁን የማትነዳው አንተ ነህ" አለኝ። በክፋት አልነበረም። አባት ለልጁ እንደሚናገር ነው።

የእኛን ወግ ላስረዳው ሞከርኩ። መርዶ አንድ ሰው ብቻውን አይናገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ባለሐዘኗ እህል ሳትቀምስ ሄዶ ነው። ተክሌና እኔ ብቻ ነን አልኩት።

"ስንት ሽማግሌ ያስፈልጋል?"

"ሦስት ቢሆን ደግ ነው።"

"እኔ ሽማግሌ አይደለሁም?" አለ።

አበራሽ ጋ ሄድኩ። እንደ ሁልጊዜው "ጋሼ፣ ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ ትንሽ ይውረድላት" አለችኝ።

"ልጄ፣ ግፊቷን የሚያከርረው መጠበቁ ቢሆንስ?"

 ይዛኝ ምድር ቤት ወረደችና ፍሪዘሩን ከፈተች። "ይዩ እስኪ ጋሼ። ይሄ የዘንድሮው ነው። የዓምናውን ተደብቄ ጣልኩት፤ ማንም እንዳይነካው ብላ ምላለች። ጋርቤጅ ውስጥ ስጥለው ወንድሜን በእጄ የቀበርኩት መሰለኝ። ሁለተኛ አልችልም።" የፍሪዘሩን ክዳን ተደግፋ አለቀሰች፤ ድምፅዋ ላይኛው ቤት እንዳይሰማ በመዳፏ አፏን ይዛ። ልክ እንደ ደምሴ። ከዚያ ፊቷን ጠረገችና "ቅዳሜ ይሁን። ኪኒኗን ይዤ እጠብቃችኋለሁ" አለች።

ለፖፕ በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ ስድስት ብዬ፣ ቤቱን አሳየሁት። እኔና ተክሌ አብረን ልንመጣ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ተክሌ ጋቢውን እየፈለገ ነው። "ያለ ጋቢ መርዶ አይነገርም!" እያለ ቁም ሣጥኑን ገለበጠው።

"ና ተክሌ፣ ካፖርትህን ልበስ!"

"በካፖርት? ኢንሹራንስ ልሸጥላት ነው እንዴ የምሄደው?"

ኋላ ጋቢው ልብስ ማድረቂያው ውስጥ ተገኘ፤ እስኪሞቅ ድረስ ደርቆ። ስንደርስ ፀሐይዋ ወጥታለች። ፒካፑ ቆሟል። ሰዓት ማክበር የምናውቅ ሰዎች መስለነው ሽማግሌው በቀጠሮው ሰዓት በሩ ላይ ደርሷል።

ፖፕና እማማ ዘነቡ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የእሱ ጃኬት በእሷ ትከሻ ላይ ነው፤ ኮፍያው በጉልበቱ ላይ። አበራሽ ላይ ቤት ናት፣ ኪኒኑን ይዛ ድምፃችንን ትጠብቃለች፤ እናቷ መውረዷን አላወቀችም። ተክሌ የጋቢውን ጫፍ ይዞ ቆሞ ቀረ። ስንቀርብ እማማ ዘነቡ ቀና ብላ አየችን። አላለቀሰችም።

"ዘገያችሁ" አለች። "ቀድሟችኋል።"

"እማማ..."

"ለጸሎት ተነስቼ በመስኮት አየሁት። በዚህ ሰዓት ሽማግሌ ደጅ ላይ ኮፍያ ይዞ ሲቆም ለምን እንደሆነ እኔ ይጠፋኛል? ስንት ቤት እንደዚህ ሄጃለሁ። ወረድኩ። ቋንቋ የለን። 'ደምሴ?' አልኩት። ያችን ብቻ ያውቅ የለ? 'ዴሚሴ' አለኝ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝና እንደ እርሻው ቀን ቆመ። እንባዬን ጠርጌ እስክጨርስ አልዞረም።"

ኋላ ለምን እንደዞረ ጠይቄዋለሁ። "ድርሻዋን ስትወስድ ማየት የለብኝም ብዬ ነው" አለኝ።

እሷ ደግሞ ወደ እኔ ዞረች። "ያየኸው አንተ ነህ፣ አይደል? ከመጀመሪያው ቀን ዓይንህን ስትሰብር አውቄሃለሁ። እንዳትጨነቅብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

"እኔ ነኝ እማማ።"

"ጥይት ነው በሽታ?"

"ትኩሳት ነው። ጭንቅላቱ እኔ ጭን ላይ ነበር። በእጃችን ቀበርነው፤ አፈሩን በእጃችን አለሰለስነው።"

"የዚያን ቀን እህሉን ማን በላው?"

ምን ብላ እንደምትጠይቀኝ ስንት ዓመት አስቤያለሁ፤ ይሄን ግን አላሰብኩትም። እርሻው ላይ የፖፕን ጀርባና ሳይነሳ የቀረውን መደብ ስታይ፣ ለካ ጥያቄው ያን ጊዜ አድሮባት ኖሯል። "ግድግዳ የሚያየው ሰው በልማድ ስሙን ጠራው" አልኳት። "ማንም አላነሳውም። ኋላ ለባልንጀራው ስጡት ተባለ። እኔ በላሁት እማማ።"

እጄን ያዘችው። አገላብጣ አየችው፤ የልጇ እጅ ያለበት ይመስል። "እሰይ" አለች። "እሰይ። ልጄ ሰው አብልቶ ነዋ የሄደው።"

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። ያን ያህል ዓመት የቆየ ጩኸት ነበር። አበራሽ ደረጃውን ሳትረግጥ ወረደች፤ ሞንጎቹም ቬትናሞቹም መስኮታቸውን ከፈቱ፤ ተክሌ ሙቅ ጋቢውን አውልቆ በእሷ ላይ ጣለውና እሱም በትግርኛ ያለቅስ ጀመር።

ለሐዘን ለመጣው ሰው ያን ሥጋ ከፍሪዘር አውጥታችሁ ሥሩ ብላ ያዘዘችው ራሷ ናት። "የደምሴ መደብ ነው፣ ይበላ።" የመጀመሪያውን ሳህን በእጇ ለፖፕ ሰጠችው። እሱ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ እንጀራውንም ሥጋውንም በእነዚያ ጣቶቹ እኩል ለሁለት ከፈለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና "ቤን፣ ምረጥ" አለኝ። መረጥኩ። በላሁ። ከዚያ ቀን በኋላ እህል አፌ ላይ እህል ሆኖ ጣመኝ።

እማማ ዘነቡ ጥቂት ዓመት ኖራ እዚሁ አረፈች። ፖፕም ሌላ ጥቂት ክረምት ሠርቶ ተወ። ሲሞት ቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት ውስጥ፣ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊችና የሚንቀጠቀጥ ቀይ ጄሎ አቀረቡልን፤ ሰዉ በሹክሹክታ ያወራል፣ የሚያለቅስ የለም። እኔና ተክሌ ብቻ አለቀስን፤ ፈረንጆቹ ዘመድ መስለናቸው ወንበር ሰጡን። ሴት ልጁን ጠጋ ብዬ "የአባትሽ አባት ስሙ ማን ነበር?" አልኳት። ገርሟት ነገረችኝ። በእኛ አገር የሰው ስም ያለ አባቱ ስም አይሞላማ፤ እኔም በየዓመቱ ለጸሎት ከደምሴ ቀጥዬ አስገባዋለሁ።

ዘንድሮ ያን በላስቲክ የታሸገ ሥጋ ሳህን ላይ አድርጌ ለሁለት ከፈልኩት። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና የልጅ ልጄን "ምረጪ" አልኳት። "ዋይ ግራንድፓ?" አለችኝ። አንድ ሰው አስተምሮኝ ነው አልኳት። ስሙን ጠየቀችኝ። ፋብሪካው ፖፕ ይለው ነበር፤ ስሙ ግን ያ አይደለም አልኳት። ስሙ ኤልመር ነው። ኤልመር ኦስካር።